በጫማ ወረቀት ላይ የተሳለች ከተማ

ታናሽ እህቴ የአስተማሪነት ሥራዋን ልትለቅ የወሰነችው ተማሪዎቿ እንደ እሷ መንተባተብ ሲጀምሩ ነው። አንድ ልጅ ብቻ ቢሆን ባለጌ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሁለት ቢሆኑ ተመካክረው ነው ይባላል። ክፍሉ በሙሉ፣ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ፣ ለመመለስ በተነሣ ቁጥር አንገቱን ዘንበል፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ የመጀመሪያዋን ፊደል ሲጎትት ግን ምን ይባላል? እኔ ብሆን አርጩሜ እቆርጥ ነበር። እሷ ጠመኔዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣችና ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እንሰቱ መሀል ገብታ አለቀሰች። ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ፤ ለመንገር የፈጀባትን ጊዜ አላህ ይወቀው።

እኛ ዲላ ተወልደን ያደግን የጫማ ነጋዴ ልጆች ነን። አያታችን ከመሀል አገር መጥተው እዚህ ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ ቤተሰባችን የሚያድረው በምላሱ ነው። አባቴ ለአንዱ ደንበኛ በጌዴኦኛ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ለሌላው በኦሮምኛ ዋጋ ተናግሮ፣ ለሦስተኛው በአማርኛ ይምላል፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። እኔም የእሱ ልጅ ነኝ። እናቴ «ይሄ ልጅ በእንቅልፉም ይሸጣል» ትል ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው እህቴ ቃል የሚይዛት ሆና የተወለደችው። አፏ ይከፈታል፣ ትንፋሿ ይወጣል፣ ቃሉ ግን ደጃፍ ላይ ይቆማል። እኛ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብንም። ውሃ ልትጠይቅ ከሆነ እናቴ ትጨርስላታለች፤ ስለ ትምህርት ከሆነ አባቴ፤ የቀረውን ሁሉ እኔ። ክፋት አልነበረበትም፤ የቤታችን ሥራ ክፍፍል ነበር።

ከጫማ ጋር ስትሆን ግን ሌላ ሰው ናት። ልጅ ሳለች ሱቁ ጭር ሲል ወለሉ ላይ ጫማዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ትደረድርና ታስተምራቸዋለች። የሕፃናት ጫማ ከፊት፣ የወንድ ቆዳ ጫማ ከኋላ። ሀ ሁ ታስቆጥራለች፣ ትቆጣለች፣ ታሞግሳለች፣ አንዱን ጫማ ለረባሽነቱ አንሥታ ጥግ ታቆመዋለች። አንዲት ፊደል አትይዛትም። አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ይሰማትና «ሱብሃነላህ፣ ለጫማ የተሰጠ አንደበት» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ስለዚህ አድጋ አስተማሪ እሆናለሁ ስትል ማናችንም አልገረመንም፤ ያስፈራን ልጆች ጫማ አለመሆናቸው ነበር።

ተመርቃ ጨለለቅቱ የአማርኛ አስተማሪ ሆና ተመደበች። ጨለለቅቱ በኮቸሬ ወረዳ ያለች የቡና መሰብሰቢያ ከተማ ናት። ልጆቹ ቤታቸው የሚናገሩት ጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛን የሚቃርሙት ከገበያ፣ ከባለ ሞተሮች፣ ከቴሌቪዥን፣ ከሁሉም በላይ ግን ከአስተማሪያቸው ነው። አባቴ ሊከለክላት አልደፈረም። ብቻ አንድ አዲስ በርጩማ አሠርቶ ከባንኮኒው ጀርባ፣ ከእኔ ወንበር አጠገብ አስቀመጠና ይሄ ያንቺ ነው፣ ባይሳካም አትጨነቂ አላት። ደግ ሰው ነው። እሷ ግን በርጩማውን ባየች ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። እዚያ ላይ ከተቀመጠች ዕድሜ ልኳን እኔ እየተናገርኩላት፣ እሷ ካርቶን እያቀበለች እንደምትኖር ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ።

አሁን ወደ ነጩ ጫማ ልምጣ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። በእኛ አገር ፋሽን የሚገባው ከቡና ጋር ነው። ቀይ ቡና መለቀም ሲጀምር ገጠሩም ከተማውም አዲስ ልብስ ያምረዋል፤ የዚያን ዓመት ምን እንደሚያምረው ግን ማንም አስቀድሞ አያውቅም፣ እኛ ነጋዴዎቹም። ያለፈው ዓመት የመጣው ሶሉ ወፍራም፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ወተት የነጣ ስኒከር ነበር። ነጭ ጫማ፣ ያውም ለዚህ አገር! መሬታችን ቀይ፣ ዝናባችን የማይታመን፣ ጭቃችን እግር ይዞ የማይለቅ። ሰው ሁሉ ግን ተጫማው። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ቡና ማጠቢያው ላይ የሚሠራው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪ፣ ባለ ሞተሩ። ጭቃው ሲመጣስ ምን ዘየዱ? ጫማው ላይ ፌስታል አሠሩበት።

ወላሂ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ጠዋት ሱቄ ደጃፍ ስቆም ከተማው በፌስታል ኮሽ ኮሽ እያለ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጥቁር ፌስታል፣ ሰማያዊ ፌስታል፣ የስኳር ፌስታል። ከውስጡ ነጭ ጫማ አለ ብሎ ማመን የተመልካቹ ፋንታ ነው። ሻጩ እኔ ራሴ አፌን በእጄ ያዝኩ። አንድ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ቆዩና እነዚህ ልጆች ጫማውን የሚያደርጉት ማን እንዲያይላቸው እንደሆነ ረጋ ብለው ጠየቁኝ። ለእሳቸውም ልሸጥላቸው ሞከርኩ።

እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲላ ትመጣለች። እንሰቱ መሀል ያለቀሰችውን የነገረችኝም አንድ ቅዳሜ ነው። ነገሩ በለቅሶ አላበቃም፤ ርእሰ መምህሩ ቢሮ አስጠርተዋታል። እሳቸው የአካባቢው ተወላጅ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ከመናገራቸው በፊት ቃላቸውን አገላብጠው የሚያዩ ሰው ናቸው። ወላጆች እየመጡብኝ ነው አሏት። ቆዩ። ልጆቹ እንደ አንቺ መናገር ጀምረዋል አሏት። እንደገና ቆዩ። ሌላም ሊሉ ሲዘጋጁ እህቴ ገባኝ ብላ በአንገቷ እጅ ነስታ ወጣች። ምን ሊሉ እንደሆነ ጠፍቷት ነው? ልጆቻችንን አበላሸችብን ብለው ነዋ የሚመጡት። እስከ ዓመቱ አጋማሽ አስተምራ ልትለቅ ወሰነች። አባቴ ሲሰማ በርጩማውን በጨርቅ ወለወለው።

«ጫማ አዩ ተከተሉ፤ ፌስታል አዩ ተከተሉ» አለችኝ፤ «አሁን ደግሞ ም... ምላሴን።» እንዲህ ተናዳ አይቻት አላውቅም። ከመሄዷ በፊት የምትነግራቸው ነገር እንዳለም ጨምራ ነገረችኝ። በምን አፍሽ ልል ነበር፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ለጥቂት ያዝኩት።

ባፏ አልነበረም ያሰበችው። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ በቴሌቪዥን የሚመጡትን የቤተሰብ ኮሜዲ ካርቱኖች ትወዳለች፤ እነዚያን ባል ከሚስት፣ ልጅ ከጎረቤት እየተጨቃጨቁ አገሩን የሚያሙትን። እንደዚያ ያለ አንድ ክፍል በእጇ ሠርታ ለተማሪዎቿ ልታሳይ ፈለገች። ሰው የሚከተለውን ሳያውቅ ሲከተል ምን እንደሚመስል እዩት ብላ፣ በዚያው ደህና ሁኑ ልትል። ታዲያ ካርቱን ለአንዲት እርምጃ ስንት ሥዕል እንደሚፈጅ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ወረቀቱ ከየት ይመጣል?

ከነጩ ጫማ መጣ። እያንዳንዱ ጥንድ በካርቶኑ ውስጥ በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚገባው። ገዢው ጫማውን ይለካል፣ እዚያው አድርጎት ይወጣል፣ ወረቀቱን ወለል ላይ ጥሎት ይሄዳል። እህቴ አንዱን አንሥታ ከሌላው በላይ ስታነጥፈው የታችኛው ሥዕል ፍንትው ብሎ ይታያል። ከዚያ በታችኛው ላይ የተሳለውን ሰው በላይኛው ትገለብጠዋለች፤ እግሩን ብቻ ጥቂት ፈቀቅ ታደርገዋለች። ቀጥሎ ሌላ ወረቀት፣ እግሩ ሌላ ጥቂት። በሁለት የካርቶን ክምር መሀል ጣውላ አጋድማ ስልኳን ካሜራው ከጠርዙ ወጣ ብሎ ወደ ታች እንዲያይ ታስቀምጥና ወረቀቶቹን ከሥር እየቀያየረች ፎቶ ታነሣቸዋለች። ሰው ነጭ ጫማ በገዛ ቁጥር በነጭ ጫማ ለሚቀለድበት ፊልም ወረቀት ያዋጣል ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ንግድ አይቼ አላውቅም።

የእኔ ሥራ መተኮስ ሆነ። ወረቀቱ ተጨማዶ ነው የሚወድቀው፤ ተጨማዶ ደግሞ አይሳልበትም። ስለዚህ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ካውያ ሰክቼ፣ ብዙም ሳላግል፣ ስስ ወረቀት እተኩሳለሁ። አባቴ ገብቶ አየኝና አብደህ እንደሆነ ንገረኝ አለኝ። ለደንበኞቹም ወረቀቱን አትቅደዱብኝ እያልኩ መለመን ጀምሬ ነበር። አንዱ ደንበኛ ጫማውን ትቶ ወረቀቱ ምን ጥቅም ቢኖረው ነው ብሎ ይዞት ሄደ።

የመጀመሪያውን ሰው ሲራመድ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። እህቴ ስልኳን አቀበለችኝ። ጉልበቱ ድረስ የጎማ ቦቲ ያደረገ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰውዬ ከስክሪኑ ግራ ገብቶ ወደ ቀኝ ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ቦቲው ከጭቃው ሲላቀቅ ትንሽ ይዘገያል፤ ሰውዬውም እግሩን ለመንቀል ትከሻውን ያግዘዋል። ያ ወረቀት እኮ እኔ የተኮስኩት ነው! ከጫማ ላይ ተገፎ ሊጣል የነበረ ወረቀት ላይ አንድ የጌዴኦ ሰው ነፍስ ዘርቶ፣ የእኛን ጭቃ ረግጦ፣ በእኛ አረማመድ ሲሄድ ሳይ ፀጉሬ ቆመ። ደጋግሜ አየሁት። ደንበኛ ገብቶ ሲጠራኝ እንኳ አልሰማሁም አሉ፤ እኔ፣ ደንበኛን።

የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። ተዳፋት ላይ በተሠራች አንዲት ከተማ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ይኖራል። አባት የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ጎረቤት ያደረገውን ካላደረገ የማያድር። እናት መጀመሪያ ትቆጣለች፣ በኋላ ከሁሉም ትብሳለች። አህያም አለቻቸው። ነጭ ጫማ ይመጣል፣ ሁሉም ይጫማል፤ ጭቃ ይመጣል፣ ሁሉም ፌስታል ያሥራል። ለአህያዋም አራት ፌስታል ይታሠርላታል። ከዚያ የአባትየው ጫማ ይጠፋና በባዶ እግሩ ላይ ፌስታል አድርጎ ሲወጣ ማንም ልብ አይለውም። ሲያውቁበት ሁሉም ጫማውን ቁም ሳጥን ቆልፎበት በባዶ ፌስታል መሄድ ይጀምራል፤ ፌስታል ያላደረገ ገበያ አይግባ ተብሎም ይታወጃል። ፊልሙ በኋላ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሱቄ መጥተው እንደ አህያዋ የሚታሠር ፌስታል አለህ ወይ ያሉኝ ጎረምሶች ነበሩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ባለ ቦቲው ሰውዬ የቡና ማድረቂያ አልጋ ጠባቂ ነው። ከላይ ሆኖ ደመናውን ያያል፣ ጎርፍ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ሊነግራቸው በየቤቱ ይሄዳል። ግን ቃል ይይዘዋል። አፉን ሲከፍት አንዱ አንተም ጫማ ፈልገህ ነው አይደል ብሎ ይጨርስለታል፤ ሌላው እንዲያምርብኝ ልትመርቀኝ ነው ይላል፤ ሁሉም የልቡን በሰውዬው አፍ አስገብቶ ይሄዳል። ጎርፉ ይመጣል፤ ፌስታል ያንሸራትታል፤ ከተማው በሙሉ፣ ሙሽራው፣ ሹሙ፣ አህያዋ፣ ተዳፋቱን ተንሸራትቶ ታች የቡና ገለባ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ሲወጡ ከአናታቸው እስከ እግራቸው አንድ ዓይነት ሆነዋል። ሰውዬው ያን ጊዜ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ፣ ጎርፍ ሊመጣ ነው ብሎ ይጨርሳል።

ሥዕሉ ሲያልቅ ድምፅ ቀረ። የሱቃችን መጋዘን በካርቶንና በጫማ የታጨቀ ስለሆነ የመንገዱ ጩኸት አይገባበትም፤ እህቴ ስልኳን ይዛ ገብታ መጋረጃውን ዘጋች። እኔ ውጭ ሆኜ ድምፁን የሚያወጣው ሰው መቼ ነው የሚመጣው እያልኩ ነበር። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ባጃጅ ሹፌሩ ተናገረ። ወፍራም፣ ችኩል፣ ትንሽ ውሸታም ድምፅ። እናትየው ተቆጣች። በፊልሙ ያለው ጫማ ነጋዴ ማለ፤ ወላሂ እኔን ራሴን ነበር፣ ጉሮሮዬን እስከምጠርገው ድረስ። ሕዝቡ ተንጫጫ። አንድም ቃል አልተያዘም። ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ በጣቴ ዝም በል አልኩትና ሁለታችን፣ ዝም ብለን የማናውቀው ሁለታችን፣ ጎን ለጎን ቆመን ሰማን። የጫማዎቹ አስተማሪ ናት። ስንት ዓመት ሙሉ እዚያው ውስጧ ተቀምጣ ኖራለች። አባቴ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ባለ ቦቲው ላይ ስትደርስ ግን መንተባተቡ መጣ። በትወና ያመጣችው መስሎኝ ነበር። ስትወጣ ሌሎቹን በሙሉ እንዲያ ካቀላጠፍሽ እሱንስ ለምን አላቀላጠፍሽውም አልኳት። «እሱን በራሴ አፍ ነው የተናገርኩት» አለች። ከዚያ በላይ አላወራችም።

ፊልሙን ልናሳይ የሄድነው ከዓመቱ አጋማሽ ፈተና በኋላ ባለው ሳምንት ነው። የሠርግ ቪዲዮ ከሚያነሣ ጓደኛዬ ፕሮጀክተር ተውሼ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በሚኒባስ በወናጎና በይርጋ ጨፌ አድርገን ወጣን። መብራት ቢጠፋ ብለው ርእሰ መምህሩ ከጎረቤቷ ከተማ ከፍስሐ ገነት ጄኔሬተር አስመጥተዋል። እኔ ደግነታቸው ገረመኝ፤ እህቴ መሸኛ መሆኑ ነው አለችኝ። የመልቀቂያ ማመልከቻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች፤ ፊልሙ ሲያልቅ ልትሰጣቸው።

የመማሪያ ክፍሉን መስኮቶች በቡና ጆንያ ሸፈንናቸው። ልጆቹ ሞልተው፣ ተጨናንቀው፣ አንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ተቀመጡ። እግራቸውን አየሁ፤ የሙያ ነገር ነው። ነጭ ጫማ፣ ነጭ ጫማ፣ ነጭ ጫማ፤ በሩ ጋ ደግሞ የፌስታል ክምር። ግድግዳው ላይ ከተማዋ ስትበራ የትንፋሽ ድምፅ ተሰማ። አህያዋ ፌስታል ሲታሠርላት የሳቁትን ሳቅ ጨለለቅቱ ገበያ ድረስ ሰምተውት ይሆናል። አንዳንዱ እየሳቀ እግሩን ወንበር ሥር ይደብቃል። ገብቷቸዋል ብዬ ደስ አለኝ። እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ የእነሱን ፊት ብቻ ነው የምታየው።

ባለ ቦቲው ሰውዬ አፉን ሲከፍት ሳቁ ቀጥ አለ። እህቴ ክንዴን ያዘች፤ ጥፍሯ ተሰማኝ። እኔም ቅድም የሳቀ ልጅ አሁን ይሳቅና ያገኛታል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አንድም ልጅ አልሳቀም። ሰውዬው ቃሉን ሲጎትት ከንፈራቸው ከእሱ ጋር ይንቀሳቀሳል። በጨለማው ውስጥ፣ ረድፍ በረድፍ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ በሹክሹክታ ከሥሩ ይደግማሉ፤ ልክ አስተማሪ ተናግሮ ተማሪ እንደሚደግመው። ምን እያየሁ እንደሆነ አልገባኝም። 

ፊልሙ አለቀ፤ ጆንያዎቹ ተነሡ። እህቴ ደህና ሁኑ ልትል ወደ ፊት ስትወጣ ከመጀመሪያው ረድፍ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። የክፍሉ አንደኛ መሆኗን በኋላ ነው የሰማሁት።

«ቲቸር» አለች፤ እሷም ፊደሏን በሥርዓቱ ጎትታ፣ «አማርኛ በደንብ የሚችለው ባለ ቦቲው ብቻ ነው።»

እህቴ በዓይኗ እንዴት ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ በአማርኛ አንተንና አንቺን ገና አለየችም።

«ሌሎቹ እንደ እኛ ይቸኩላል። እሱ እንደ አንተ ነው፤ ጥሩው ቃል እስኪመጣ ይጠብቃል። እኛም በቤታችን እንደዚያ እየተለማመድን ነው።»

ክፍሉ አዎ አለ። ሌላ ልጅ ተነሥቶ በቤተ ክርስቲያን ጥቅስ ሲያነብ እንደ ቲቸር አድርጎ አንብቦ ሰው ሁሉ እንዳሞገሰው ነገረን፤ ሦስተኛው ወንድሙ ያለ ዕረፍት ስለሚያወራ ገና አማርኛ አልገባውም አለ። ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሲያፌዙ አልነበረም። እነዚህ ልጆች አማርኛ የሚባለው ቋንቋ ሲያምርበት እንደዚያ ነው ብለው፣ አንገት ዘንበል ዓይን ጨፈን ማድረጉን ሳይቀር፣ እንደ ነጩ ጫማ ተሽቀዳድመው ለብሰውት ነበር። እኛ ስንት ዓመት ስንቸኩል የሸፈንነውን ነገር እነሱ ለክብር ይለማመዱታል። ያ የአባቴ ሱብሃነላህ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

ርእሰ መምህሩ ከበሩ ጋ ሆነው ሲሰሙ ነበር። ቀስ ብለው ወደ እህቴ መጡና ወላጆቹ የሚመጡት በሌላኛው ክፍል ያሉ ልጆቻቸው ወደ እሷ ክፍል እንዲዛወሩላቸው ለመለመን እንደሆነ ነገሯት። የእሷ ተማሪዎች የዲላ ሰው መስለው ነው የሚናገሩት ይላሉ አሏት። ከዚያ ቆዩ፤ እንደ ልማዳቸው ቃላቸውን አገላበጡት።

«ያን ቀን ይህን ልነግርሽ ነበር» አሏት፤ «እስክጨርስ አልጠበቅሽኝም።»

እህቴ ቀላች። እኔም አብሬ ቀላሁ፤ የማን ልጅ መሆኗን አውቃለሁና። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ልጆቹ ዞረች። እውነቱን ልትነግራቸው እንደሆነ ከፊቷ አወቅሁ፤ ውሸት ማስተማር አይሆንላትም። እንዲህ መናገር የአማርኛ ሕግ አይደለም አለቻቸው። አማርኛ እንደፈለጋችሁ ፈጥናችሁም ቀስ ብላችሁም ትናገሩታላችሁ አለቻቸው። «ይሄ አነጋገር» አለች፣ «ይሄ...»

ተያዘች። ከባዱ ዓይነት ነው የያዛት፤ ድምፅ የማይወጣበት፣ የአንገቷ ሥር የሚገተርበት። በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ስትሆን የማደርገውን አውቃለሁ፤ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ልጆቹን አየሁ። አንድም የሚቁነጠነጥ፣ አንድም የሚያጉረመርም የለም። ያ ሁሉ ልጅ፣ ያ ሁሉ ነጭ ጫማ ተደርድሮ፣ ፊቱን ወደ እሷ አንጋጦ፣ ጥሩ ነገር ሊመጣ እንደሆነ እርግጠኛ ሆኖ ይጠብቃል። ሰው ሰውን እንዲህ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም። ምላሴን ነከስኩ። እኔም ጠበቅሁ።

«የእኔ ነው» አለች።

ልጆቹ ይህን አሰቡበት። እርስ በርስ ተያዩ፤ በጌዴኦኛ ተነጋገሩ። ከዚያ ያችው ቀጭን ልጅ እንደገና ተነሣች፤ የሰው ዕቃ ሳታውቅ ይዛ እንደተገኘች ልጅ ፈራ ተባ እያለች።

«ቲቸር፣ ታዲያ እንመልስልህ?»

እህቴ ሳቀች። ስትስቅ ዕንባዋ ወረደ። ለመናገር ሞከረች፤ ተያዘች፤ እነሱም እንደገና ጠበቋት።

«ያ... ያዙት» አለች፤ «እኔ ብዙ አለኝ።»

ማመልከቻው ከቦርሳዋ አልወጣም። በርጩማው ዛሬም ከባንኮኒው ጀርባ፣ ከወንበሬ አጠገብ አለ። የተተኮሰውን ስስ ወረቀት እሱ ላይ እቆልላለሁ፤ ቅዳሜ ስትመጣ ትወስደዋለች።